ስሙ አንድ፣ ድርሻው ለየቅል

በዚህ በባሕረ ሰላጤው አካባቢ በትምህርት ላይ የምንገኝ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ወደድንም ጠላንም ከክሪኬት ጋር ሳንተዋወቅ አንቀርም። ብዙዎቹ የማደሪያ ጎረቤቶቻችን ከሕንድ፣ ከፓኪስታን፣ ከባንግላዴሽና ከስሪላንካ የመጡ ናቸው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባሉት ምሽቶች የቴሌቪዥኑ ክፍል የእነርሱ ነው። መጀመሪያ ላይ «ይህ ደግሞ ምን ዓይነት ጨዋታ ነው?» እያልን እንስቅ ነበር፤ ዛሬ ግን አብረን እንጮኻለን። የድሮው ክሪኬት አምስት ቀን ይፈጃል። በአጭሩ ዓይነት ግን ለእያንዳንዱ ቡድን የሚወረወርለት ቢበዛ 120 ኳስ ስለሆነ ጨዋታው በሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ያልቃል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ግን የጨዋታ ሕግ ማስተማር አይደለም። በአንድ ቡድን ምሳሌነት አንድ ጥያቄ ለማንሣት ነው፤ ለወንድና ለሴት አንድ ስም መስጠት ብቻውን እኩልነት ሊባል ይችላል ወይ?

ቡድኑ በደቡብ ሕንድ በቤንጋሉሩ ከተማ ስም የሚጠራው ሮያል ቻሌንጀርስ ነው። የሕንድ ፕሪሚየር ሊግ በ2008 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሲጀመር አንድ የመጠጥ ከበርቴ በ111.6 ሚሊዮን ዶላር ገዛው፤ ስሙንም ያገኘው ከውስኪ ምልክት ነው። የወንዶቹ ቡድን በ2009፣ በ2011 እና በ2016 ለፍጻሜ ደርሶ ሦስቱንም ጊዜ ተሸነፈ። በ2023 የሴቶች ሊግ ሲከፈት ባለቤቶቹ የሴቶቹን ቡድን በ9.01 ቢሊዮን ሩፒ ገዙ። ስሙ ያው፣ ቀዩ ማልያም ያው ሆነ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማንም አይክደውም። ወንዶቹ በ16 ውድድር ያላገኙትን ዋንጫ ሴቶቹ በሁለተኛ ውድድራቸው አመጡት። ማርች 17 ቀን 2024 ዴልሂ ላይ በተደረገው ፍጻሜ፣ ያለ አንዳች ኪሳራ 64 ነጥብ ደርሶ የነበረውን የዴልሂን ቡድን በ113 ጠቀለሉት። የቤንጋሉሩ ልጅ የሆነችው ሽሬያንካ ፓቲል 12 ነጥብ ብቻ ሰጥታ አራት ተጫዋቾች አስወጣች። ዋንጫውን ያነሣችው የቡድኑ አለቃ ስምሪቲ ማንዳና ነበረች። ወንዶቹ የመጀመሪያ ዋንጫቸውን ያገኙት ከዚያ በኋላ፣ ጁን 3 ቀን 2025 ነው።

እንግዲህ ወደ ድርሻው እንምጣ። በ2025 እያንዳንዱ የወንዶች ቡድን ለተጫዋቾቹ እንዲያወጣ የተፈቀደለት ጣሪያ 1.2 ቢሊዮን ሩፒ ሲሆን፣ የሴቶቹ 150 ሚሊዮን ነበር። ልዩነቱ ስምንት እጥፍ ነው። የወንዶቹ ቡድን እስከ 25፣ የሴቶቹ እስከ 18 ተጫዋች መያዛቸው ይህን ልዩነት አያስረዳም። በዚያው ዓመት ቪራት ኮህሊ ብቻውን 210 ሚሊዮን ሩፒ ተከፍሎታል። ይህም ማለት የአንድ ሰው ደመወዝ ለአንድ ሙሉ የሴቶች ቡድን ከተፈቀደው ገንዘብ ይበልጣል። ኮህሊ ታላቅ ተጫዋች ለመሆኑ ጥርጥር የለንም፤ ጠባችንም ከእርሱ ጋር አይደለም።

«ይህን የሚወስነው ገበያው ነው» የሚል መልስ ይሰጠናል። መልሱን ሳንሸፋፍን እንመርምረው። የወንዶቹ ሊግ ከ2023 እስከ 2027 ያለው የማስተላለፊያ መብት የተሸጠው በ483.9 ቢሊዮን ሩፒ ነው። የሴቶቹ ለዚያው አምስት ዓመት 9.51 ቢሊዮን ሩፒ አወጣ። ገቢው ከ50 እጥፍ በላይ ሲበላለጥ ደመወዙ ስምንት እጥፍ ብቻ መበላለጡ እንዲያውም ለሴቶቹ ያደላ ነው ይሉናል። ቁጥሩ እውነት ነው። ከቁጥሩ የሚወጣው መደምደሚያ ግን ስሕተት ነው።

አንደኛ፣ ገበያ ከሰማይ አይወርድም፤ ሰዎች የሚሠሩት ነገር ነው። የወንዶቹ ሊግ በየምሽቱ እየታየ 15 ዓመት ከቆየ በኋላ ነው የሴቶቹ የተከፈተው። በ2023 የሴቶቹ ጨዋታዎች ሁሉ የተደረጉት በሙምባይና አጠገቧ ባለችው በናቪ ሙምባይ ስለነበር፣ በቤንጋሉሩ ስም የሚጠሩት ልጆች በቤንጋሉሩ ሕዝብ ፊት አንድ ቀን እንኳ አልተጫወቱም። በ2025 የአሥሩ የወንዶች ቡድኖች ሊግ 74 ጨዋታ ሲኖረው የአምስቱ የሴቶች ቡድኖች ሊግ የነበረው 22 ብቻ ነው። ዘሩን ነፍጎ ምርቱ አነሰ ብሎ መፍረድ ፍርድ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ነጋዴ 9 ቢሊዮን ሩፒ ለጽድቅ ብሎ አያወጣም። ዋጋ እንዳለው ስላወቀ ገዛ።

ሦስተኛ፣ ሰዎች ከወሰኑ ሊሆን እንደሚችል ያው አገር አሳይቷል። የሕንድ ክሪኬት ቦርድ በኦክቶበር 2022 ለብሔራዊ ቡድን የሚሰለፉ ወንዶችና ሴቶች በየጨዋታው የሚከፈላቸው ገንዘብ እኩል እንዲሆን ወሰነ፤ ለአጭሩ ጨዋታ 300,000 ሩፒ ለሁለቱም። ሰማይ አልተደፋም። ኖቬምበር 2 ቀን 2025 የሕንድ ሴቶች ደቡብ አፍሪካን አሸንፈው የዓለም ዋንጫን ወሰዱ።

አንድ ነገር ደግሞ ሳንጠቅስ ማለፍ አንችልም። ወንዶቹ ባሸነፉ ማግሥት፣ ጁን 4 ቀን 2025፣ ቤንጋሉሩ ውስጥ ስታዲየሙ በር ላይ በተፈጠረው ግፊያ 11 ሰዎች ሞቱ። በእንዲህ ዓይነቱ መጨናነቅ ሰው የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ ተረግጦ ሳይሆን ደረቱ ተጨምቆ አየር መሳብ ስለሚያቅተው ነው። በኦገስት ወር በዚያ ስታዲየም ሊደረጉ የነበሩት የሴቶች ዓለም ዋንጫ ጨዋታዎች ወደ ናቪ ሙምባይ ተዛወሩ። ለሰው ሕይወት መጠንቀቅ ተገቢ ነው። ነገር ግን ይህን እናስተውል፤ ሸክሙ ሲመጣ ለሴቶቹም ደረሳቸው፤ ገንዘቡ ሲከፋፈል ግን ስምንተኛው እጅ ነው የደረሳቸው።

እኅቶችና ወንድሞች፣ ይህን ሁሉ የጻፍነው በሕንዶች ላይ ለመፍረድ አይደለም። የእኛስ ማኅበር? የማኅበራችን የስፖርት ክፍል ስሙ አንድ ነው፤ መዋጮውንም ሁላችንም እኩል እንከፍላለን። ባለፈው ዓመት ግን ገንዘቡ የዋለው ለወንዶች እግር ኳስ ማልያ፣ ለሜዳ ኪራይና ለመጓጓዣ ነው። እኅቶቻችን የደረሳቸው የሻይ ቡናው ዝግጅት ነበር። የራሳቸውን ቡድን ለማቋቋም ሲጠይቁ «ቁጥራችሁ ትንሽ ነው፣ ተመልካችም የለም» ተባሉ። ይህ ከላይ የነቀፍነው የገበያ ክርክር እንጂ ሌላ ምንድን ነው? በስብሰባው ላይ እጃችንን አውጥተን ያጸደቅነውም እኛው ነን። አባቶቻችን ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ያሉት ለእንዲህ ዓይነቱ ነው።

በዚያ ስብሰባ «ይጎዳሉ» የሚልም ተነሥቶ ነበር። የሕክምና ተማሪዎች ስለሆንን ዝም ማለት አይገባንም ነበር። እንደ እግር ኳስና ቅርጫት ኳስ ባሉ ጨዋታዎች የጉልበት ጅማት መበጠስ በሴቶች ላይ ከወንዶች ይልቅ እንደሚበዛ እውነት ነው። ነገር ግን በትክክል የተዘጋጀ የማሟሟቂያና የጡንቻ ማጠንከሪያ ልምምድ ይህን ጉዳት እንደሚቀንስ በጥናት ተረጋግጧል። ስለዚህ ከእውነቱ የሚከተለው መደምደሚያ «አሠልጣኝና የልምምድ ጊዜ ስጧቸው» የሚለው ነው፤ «ከሜዳ አርቋቸው» የሚለው አይደለም። «ሴት ምን ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ተረት በሕክምና ቋንቋ መሸፈን ለእኛ የበለጠ ነውር ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ሦስት ነገሮች በአጀንዳ እንዲያዙ እንጠይቃለን። የስፖርቱ በጀት ለወንዶችና ለሴቶች በእኩል እንዲከፈል፤ የተከራየነው ሜዳ በሳምንት አንድ ምሽት ለእኅቶቻችን ብቻ እንዲሆን፤ በስፖርት ኮሚቴው ውስጥም በእነርሱ የተመረጡ አባሎች እንዲገቡ። ሻይ ቡናውን በተመለከተ፣ በመጀመሪያው የሴቶች ጨዋታ ዕለት የምናፈላው እኛ ወንዶቹ ነን። ይህን ያህሉን ለመሥራት የማንንም ውሳኔ መጠበቅ አያስፈልገንም።