ፕላኑን ማን አየው?

ሰፈር በግሬደር ከመፍረሱ በፊት በወረቀት ይፈርሳል። ፎቅ በሲሚንቶ ከመቆሙ በፊትም በወረቀት ይቆማል። ይህ ወረቀት ፕላን ይባላል። በወረቀቱ ላይ ማኅተም የሚመታው እጅ የመቶ ቤተሰብ ዕድል ይወስናል፤ የመቶው ቤተሰብ እጅ ግን ወረቀቱን ነክቶት አያውቅም። ዛሬ በዚህ ገጽ የምንነሣው ስለዚሁ ወረቀትና ስለዚሁ ማኅተም ለመናገር ነው።

«ይህ የመሐንዲስ ጉዳይ ነው፤ ተማሪን ምን አገባው?» የሚሉን አይጠፉም። መልሳችን አጭር ነው። በየካቲት 1957 ዓ.ም. ታላላቆቻችን «መሬት ለአራሹ» ብለው ወደ ፓርላማ ሲሰለፉ የእርሻ መሐንዲስ መሆን አላስፈለጋቸውም። ዐሥር ዓመት ቆይቶ፣ በየካቲት 1967 የገጠር መሬት፣ በሐምሌ 1967 ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ከባለርስቱ እጅ ወጣ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው አለ። እንግዲህ ከዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን፤ መሬቱ የሕዝብ ከሆነ በመሬቱ ላይ የሚነደፈው ፕላን ለባለንብረቱ የሚቀርብ ሒሳብ ነው። ሒሳቡን ለባለንብረቱ የማያሳይ መጋቢ ምን ይባላል? ስሙን ለአንባቢ እንተዋለን።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። በፋሺስት ወረራ ዘመን ጉይዲና ቫሌ የተባሉ ኢጣሊያውያን ለአዲስ አበባ ፕላን አወጡ። የፕላኑ ዓላማ ነጩን ከጥቁሩ መለየት ነበር። የአራዳው ገበያ ተነቅሎ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ሥፍራ የሄደው በዚያ አስተሳሰብ ነው። ገበያተኛውን የጠየቀው አልነበረም፤ ወራሪ ተወራሪን አይጠይቅምና። ከነጻነት በኋላ የለንደንን ፕላን ያዘጋጀው እንግሊዛዊው አበርክሮምቢ ለአዲስ አበባም ፕላን አቀረበ። ከእርሱም ወዲህ በየመንግሥቱ ፕላን ሲወጣ፣ ሲሻርና ሲታደስ ኖረ። ወራሪው ሄደ፤ ነዋሪን ሳይጠይቁ በነዋሪው ራስ ላይ መስመር የማስመር ልማድ ግን አብሮት አልሄደም።

ለዚህ ማስረጃ የሚፈልግ የ2006 ዓ.ም.ን የአዲስ አበባና የዙሪያዋን የኦሮሚያ ከተሞች የተቀናጀ ማስተር ፕላን ያስታውስ። ፕላኑ ገበሬውን ከመሬቱ ይነቅለዋል ብለው በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር የኦሮሚያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተነሡ። ተቃውሞው በኅዳር 2008 ዳግመኛ ተቀጣጠለ። ተማሪም ገበሬም በጥይት ወደቀ። በጥር 2008 ፕላኑ ተሰርዟል ተባለ። እኛ የምንለው ይህ ነው፤ ደም ከፈሰሰ በኋላ ሊሰረዝ የቻለ ፕላን ደም ሳይፈስ ሊመከርበት ይችል ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት አባቶቻችን የከተማ ፕላን አልተማሩም፤ ነገር ግን ከተማሩት ይልቅ ገብቷቸው ነበር።

ሕጉ ጨርሶ ዝም አላለም። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 ከመርሖቹ መካከል የሕዝብ ተሳትፎን፣ ግልጽነትንና ተጠያቂነትን አስፍሯል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ደግሞ በየከተማው የሕንፃ ሹም እንዲኖር፣ ማንም ግንባታ ከመጀመሩ በፊት የፕላን ስምምነትና የግንባታ ፈቃድ እንዲያወጣ ደነገገ። ለሕዝብ አገልግሎት የሚሠራ ሕንፃም አካል ጉዳተኛ የሚገባበት መንገድ ይኑረው አለ። ቃሉ ያማረ ነው። ሥራውስ?

ሥራው እንዲህ ነው። አልሚው የይዞታ ማረጋገጫውን፣ የሕንፃውን ንድፍ፣ የብረትና የቤቶኑን ስሌት፣ የመብራትና የውሃውን ሥዕል ጠርዞ ያቀርባል። መሥሪያ ቤቱ ወረቀቱ መሟላቱን፣ ፈቃድ ያለው ባለሙያ መፈረሙን፣ ሕንፃው ከወሰኑ የሚርቅበት ሜትርና የወለሉ ብዛት ከደንቡ መስማማቱን ይመረምራል። ይህ ሁሉ ተገቢ ምርመራ ነው፤ አንነቅፈውም። የምንነቅፈው የቀረውን ነው። ሳይት ፕላኑ ላይ የታየው ቦታ ባዶ ነው፤ ነጭ ወረቀት ነው። በነጩ ወረቀት ላይ ግን ሰው አለ። ማለዳ በር ላይ እንጀራ የምትሸጠው እናት አለች። የእድሩ ድንኳን የሚተከልበት ሜዳ አለ። ልጆች ወደ ትምህርት ቤት የሚያቋርጡት ቀጭን መንገድ አለ። በነሐሴ ጎርፍ የሚወርድበት ቦይ አለ። ይህን ቦይ በቢሮ የተቀመጠው ሹም አያውቀውም፤ ሠላሳ ክረምት በእግሯ የተሻገረችው ጎረቤት ግን ታውቀዋለች። ቦዩን የደፈነ ፕላን ሲጸድቅ ጎርፉ ሹሙ ቤት አይገባም፤ እርሷ ቤት ይገባል።

ደግሞም መመዘኛው ለሁሉ አንድ አይደለም። አንድ ደሃ በግቢው አንዲት ክፍል ለመጨመር ቢጠይቅ ከመስኮት ወደ መስኮት፣ ከነገ ወደ ነገ ይገፋል። ትልቁ ሕንፃ ግን አጥሩ በቆርቆሮ ታጥሮ ጉድጓዱ ሲቆፈር ነው ጎረቤቱ የሚሰማው። አቤት ለማለት ሲሄድ «ፕላኑ ጸድቋል» ይሉታል። ከጸደቀ በኋላ የሚጠራ ስብሰባም ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ነው። አዳራሽ ተሞልቶ፣ ስላይድ ታይቶ፣ ተጨብጭቦ መበተን ምክክር አይባልም።

ከየካቲት 2016 ዓ.ም. ወዲህ የኮሪደር ልማት ተብሎ ፒያሳ ሲታረስ፣ ዶሮ ማነቂያን የመሰለ አሮጌ ሰፈር ሲጠፋ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ተራው ለካዛንቺስ ሲደርስ ያየነው ይህንኑ ነው። አንሳሳት፤ ክርክራችን አሮጌ ቤት ይፍረስ አይፍረስ አይደለም። ጭቃና ጣራው የሚያፈስ፣ ለዐሥር ቤተሰብ አንድ መጸዳጃ ያለው ቤት የሚናፈቅ ቅርስ ነው ብለን የደሃን ችግር ለማስጌጥ አንፈልግም። ሰፊ መንገድና ንጹሕ ወንዝ እኛም እንወዳለን። ጥያቄያችን ሌላ ነው፤ የሰፈሩ ሰው የሰፈሩን ዕጣ የሰማው ገና በወረቀት ሳለ ነው ወይስ ቀይ ምልክት በግድግዳው ላይ ሲቀባ? በ2009 ዓ.ም. የወጣው የአዲስ አበባ መዋቅራዊ ፕላን ከከተማው መሬት 30 በመቶውን ለመንገድ፣ 30 በመቶውን ለአረንጓዴ ሥፍራ፣ 40 በመቶውን ለግንባታ መደበ። ቁጥሩ ያምራል። ነገር ግን አንድ ነዋሪ ቤቱ ከሠላሳው ይሁን ከአርባው እንዴት ይወቅ?

ይህ የወሬ ጥማት አይደለም፤ የመብት ጉዳይ ነው። የ2011ዱ የካሳ አዋጅ ቁጥር 1161 ሲወጣ መልሶ በሚለማ አካባቢ ያለ ባለይዞታ በፕላኑ መሠረት በግልም ሆነ በቡድን ራሱ የማልማት ቅድሚያ አለው ብሎ ነበር። ፕላኑን ያላየ ሰው «በፕላኑ መሠረት» ምን ሊያለማ ይችላል? የተደበቀ ፕላን የተሰጠን መብት መልሶ ይወስዳል። ባለይዞታው እንዲህ ከሆነ፣ በይዞታ መዝገብ ስሙ የሌለው ተከራይና ደባል ምን ሊሆን ነው? እርሱ ከሰፈሩ ሲወጣ የሚያጣው ጣራ ብቻ አይደለም፤ ሥራውን፣ የልጁን ትምህርት ቤትና እድሩን ጭምር ነው።

«ሕዝብ ከተጠየቀ ልማት ይዘገያል» ይላሉ። እንግሊዝ አገር የግንባታ ማመልከቻ ሲቀርብ በሥፍራው ማስታወቂያ ይለጠፋል፤ ጎረቤት በ21 ቀን ውስጥ ሐሳቡን ይጽፋል፤ ሰነዱም ለማንም ክፍት ነው። ለንደን በዚህ ምክንያት ሳትሠራ አልቀረችም። የአበርክሮምቢን ፕላን ከእንግሊዝ ካስመጣን፣ ይህን 21 ቀን ማስመጣት ምነው ከበደን? «ሕዝቡ ፕላን ማንበብ አይችልም» ይላሉ። የማይነበብ ፕላን ያቀረበ ማን ነው? ፊደል ለማያውቅ ደብዳቤ የሚያነብለት እንዳለ ሁሉ ፕላንም የሚያነብ ይገኛል። «ደላላ ይጠቀምበታል» ይላሉ። ደላላውማ ዛሬም ያውቃል። ፕላን ሲደበቅ የማያውቀው ነዋሪው ብቻ ነው፤ ምሥጢርን ሸቀጥ ያደረገውም መደበቁ ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው አራት ነገር ነው።

አንደኛ፤ ማናቸውም የሰፈር ልማት ፕላንና የትልቅ ሕንፃ ሳይት ፕላን ከመጽደቁ በፊት በወረዳው ጽሕፈት ቤትና በራሱ በቦታው ላይ፣ በሰፈሩ ሰው ቋንቋ፣ ቢያንስ ለ21 ቀን ይለጠፍ።

ሁለተኛ፤ ነዋሪው፣ ተከራዩም ጭምር፣ በጽሑፍም በቃልም ያቀረበው ተቃውሞ ይመዝገብ፤ ለምን እንደተቀበለው ወይም እንዳልተቀበለው ሹሙ ምክንያቱን ጽፎ ይፈርም።

ሦስተኛ፤ ፕላን ያጸደቀው ባለሥልጣን ይግባኝ ሰሚ እንዳይሆን፤ ይግባኙም ሳይወሰን ቤት አይፍረስ።

አራተኛ፤ የጸደቀው ፕላን ሕንፃው እስኪያልቅ በአጥሩ ላይ ይሰቀል፤ አላፊ አግዳሚው የተፈቀደውንና የተሠራውን ያስተያይ።

ለመሥሪያ ቤቱ ይህን ከጠየቅን ለራሳችንም የምንለው አለን። ወንድሞችና እኅቶች፣ የአርክቴክቸር ተማሪ ስቱዲዮው ውስጥ የሚነድፈው ቦታ ነጭ ወረቀት እንዳይመስለው። የሕግ ተማሪ አዋጁን ለፈተና ብቻ አይሸምድድ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሦስት ሆነን ወደ እድሮች እንውረድ፤ አንዱ ፕላኑን ያንብብ፣ አንዱ ሕጉን ያስረዳ፣ አንዱ የነዋሪውን ቃል ይጻፍ። በሕዝብ ገንዘብ የተማርነውን ለሕዝብ የምናነብበት ቀን ይህ ነው።

መሬቱ የሕዝብ ነው ካላችሁ፣ ፕላኑን ለሕዝብ አሳዩ!