«ዴስክቶፕ ላይ አለ»

በመተማ ዮሐንስም ሆነ በገንዳ ውሃ ቢሮ ገብቶ የቆየ ደብዳቤ የጠየቀ ሰው መልሱን ያውቀዋል፦ «ዴስክቶፕ ላይ አለ»። ጸሐፊዋ የተከፈቱትን መስኮቶች ዝቅ ታደርጋለች፤ ስክሪኑን ዳር እስከ ዳር የሞላ የፋይል ክምር ብቅ ይላል። «ኒው ፎልደር 3»፣ «ደብዳቤ አዲስ»፣ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2»። ባለጉዳዩ ቆሞ ይጠብቃል። ሁሉን ዴስክቶፕ ላይ ማኖር ሥራ ያቀላጥፋል የሚለው እምነት ስህተት ነው፤ በእኛ ቆላ ደግሞ አደጋም ጭምር ነው።

በተለመደው የዊንዶውስ አሠራር ዴስክቶፕ ላይ ያለ ፋይል የሚቀመጠው ዊንዶውሱ ራሱ በተጫነበት በሲ ድራይቭ ውስጥ ነው። መብራት ድንገት ይጠፋል፣ ከፍላሽ ቫይረስ ይገባል፣ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ኮምፒውተሩ አልነሳ ሲል ባለሙያ ጋ ይሄዳል፤ መፍትሔው ብዙ ጊዜ ፎርማት ነው። ሲ ፎርማት ሲደረግ አስቀድሞ ያልተቀዳ የዴስክቶፕ ፋይል አብሮ ይጠፋል። የሚጠፋው የሰሊጥ ሽያጭ ውል ነው፣ የጉምሩክ ሰነድ ነው፣ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ከተነሳበት ከሚያዝያ 2015 ወዲህ ድንበሩን ተሻግሮ ለመጣ ሰው የተጻፈ ደብዳቤ ነው። የታጨደ ሰሊጥ እስኪደርቅ ሜዳ ላይ ይቆማል፤ ሜዳውን ጎተራ የሚያደርግ ገበሬ ግን የለም።

ዴስክቶፕ ላይ መሆን ያለበት መንገዱ እንጂ ፋይሉ አይደለም። ፎልደሩ ዲ ድራይቭ ላይ ይከፈት፤ በቀኝ ክሊክ «ሴንድ ቱ» ተብሎ ሾርትከቱ ወደ ዴስክቶፕ ይላክ። በየቀኑ የሚፈለጉት አራት አምስት ፎልደሮች ደግሞ «ኩዊክ አክሰስ» ላይ ይሰኩ፤ የዊንዶውስ ቁልፍና ኢ አንድ ላይ ሲጫኑ ከፊት ይመጣሉ፣ የተከፈተ መስኮት ማውረድም አያስፈልግም።

ሾርትከት የሚባለውን የሚፈሩ ብዙ ናቸው፤ ፍርሃታቸውም መሠረት አለው። ፎልደርን ደብቆ በሾርትከት የሚተካው የፍላሽ ቫይረስ ብዙ ቢሮ አስለቅሷል። ሾርትከቱን ብቻ ፍላሽ ላይ ቀድቶ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጎንደር የደረሰ ሰውም ፋይሉን አያገኘውም። ይህ ግን የሥልጠና ጉድለት ነው። ሾርትከቱን ከፍቶ ውስጥ ያለውን ፋይል መቅዳት በአንድ ደቂቃ የሚማሩት ነገር ነው። ቤዚክ ኮምፒውተር ብለን ወርድና ኤክሴል ብቻ እያስተማርን፣ ፋይል የት እንደሚቀመጥ ሳንነግር ሰርተፊኬት እንሰጣለን። ጥፋቱን ጸሐፊዋ ላይ መጫን ነውር ነው።

ስም አወጣጡም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ቁጥርና ቀን በእዝባር ይጻፋል፤ ዊንዶውስ ግን እዝባርን በፋይል ስም ውስጥ አይቀበልም። ስለዚህ ቁጥሩ ይተውና «ደብዳቤ አዲስ» ይወለዳል። በእዝባሩ ቦታ ሰረዝ ገብቶ ዓመቱ ቢቀድም፣ ለምሳሌ «2017-03-05 የሰሊጥ ውል» ተብሎ ቢጻፍ፣ ፋይሎቹ በስም ሲደረደሩ በቀን ቅደም ተከተል ይሰለፋሉ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ከ1999 እ.ኤ.አ. ወዲህ ብዙ ዘመን አልፏል፤ የፋይልን ስም በአማርኛ ለመጻፍ የሚከለክል ነገር የለም።

«አንድ ኮምፒውተር ለሦስት ሰው ነው፣ ፊት ለፊት ካልታየ ይጠፋል» የሚሉ አሉ። እኔ ግን የጋራ ኮምፒውተር ላይ ሥርዓት ይበልጥ ያስፈልጋል እላለሁ፤ አንዱ ስክሪኑን ለማጽዳት ሲል የሌላውን ሰነድ ሊያጠፋ የሚችለው እዚያው ዴስክቶፕ ላይ ነውና። አንድ ነገር ግን አይዘንጋ፦ ሲና ዲ ብዙ ጊዜ የአንድ ዲስክ ሁለት ክፍል ናቸው። ዲስኩ ራሱ ከሞተ ሁለቱም ይሞታሉ፤ በውጭ ዲስክ ሌላ ቅጂ የግድ ነው።

የቢሮ ኃላፊዎች፣ የሰሊጥ ግብይቱ ሳይጀምር ለሠራተኞቻችሁ ግማሽ ቀን ስጡ፤ ፋይሉ ወደ ዲ ይዛወር፣ በውጭ ዲስክም ይቀዳ። አሠልጣኞችም የመጀመሪያውን ትምህርት ከዚህ ጀምሩ።