ዕቃው ከሱቅ ከወጣ በኋላ

ንግድ ማለት ዕቃን አስመጥቶ ለገዢ ማስረከብና ዋጋውን መቀበል ብቻ ነው የሚል አስተሳሰብ በብዙዎች ዘንድ የቆየ ነው። በዚህ አስተሳሰብ መሠረት ዕቃው ከሱቁ ደጃፍ ከወጣ በኋላ ቢሰበር ወይም ቢጣል የሻጩ ጉዳይ አይደለም። ይሁን እንጂ ብዙው ዕቃ በውጭ ምንዛሪ በሚገባበት አገር ይህ አስተሳሰብ ነጋዴውን ራሱን የሚጎዳ ነው፤ የተጣለውን ለመተካት አስመጪው እንደገና ምንዛሪ መጠየቅ፥ እንደገና ቀረጥ መክፈል፥ እንደገናም መርከብ መጠበቅ አለበትና።

መድኃኒቱ እንግዳ ትምህርት አይደለም። ባለሱቅ በጠርሙስ የሚሸጠውን ቢራ ሲረከብ የጠርሙሱንና የሣጥኑን መያዣ ይከፍላል፤ ባዶውን መልሶም ሙሉውን ይወስዳል። ፋብሪካው የሚሸጠው መጠጡን እንጂ ጠርሙሱን ስላልሆነ አንዱ ጠርሙስ እየታጠበ ደጋግሞ ይሞላል። በመርካቶ ምናለሽ ተራም ቁራሌዎች ከየሰፈሩ የሰበሰቡት ቆርቆሮና ብረት ተቀጥቅጦ ለሌላ ሥራ ይውላል፤ ያረጀ የመኪና ጎማም በረባሶ ይሆናል። ልዩነቱ ይህ ነው፦ ጠርሙሱ ሳይሰበር ወደ ባለቤቱ ይመለሳል፤ ወደ ምናለሽ ተራ የሚሄደው ዕቃ ግን አስመጪው ትቶት ዋጋውን ካጣ በኋላ ነው።

የጠርሙሱን ሥርዓት በመኪናም ላይ ያዋሉ አሉ። በኋላ ዜሮክስ ተብሎ የተጠራው የአሜሪካ ኩባንያ በ1959 እ.ኤ.አ. ቁጥር 914 የተባለውን የቅጂ መኪና ሲያወጣ በወር 95 ዶላር ያከራየው ነበር፤ ከ2000 በላይ ለሚወጣው ቅጂም በቁጥሩ ልክ ያስከፍል ነበር። የእንግሊዙ ብሪስቶል ሲድሌይም በ1962 እ.ኤ.አ. የአውሮፕላን ሞተር አገልግሎትን በበረረበት ሰዓት ማስከፈል ጀመረ። እንዲህ በሆነ ጊዜ መኪናው ቢበላሽ የሚከስረው አከራዩ ስለሆነ፥ ዕቃው እንዲጸና የሚተጋው እርሱ ራሱ ይሆናል።

በእርግጥ ችግር አለበት። ገንዘቡ በአንድ ቀን ሳይሆን በዓመታት ይሰበሰባል፤ ደንበኛውም ዕቃውን ሊያጠፋ ይችላል። ባለሱቁም ቢሆን በባዶ ሣጥን ላይ የታሰረ ገንዘቡን እያሰበ ያጉረመርማል፤ ቅሬታውም እውነት አለው። ለመላሹ የድካሙ ዋጋ ካልታሰበለት መመለሱን ይተዋልና።

ስለዚህ አስመጪው ባንድ ጊዜ ሁሉን ከመለወጥ ይልቅ በጥቂት የቅጂ መኪና፥ የቡና ማፍያ ወይም ጄነሬተር ቢጀምር ይሻላል። ለእያንዳንዱ መኪና የራሱ መዝገብ ይከፈትለት፤ መያዣው፥ የጥገናው ቀንና መለዋወጫው ይጻፍበት፤ ውሉም በጽሑፍ ይሁን። ላኪውም እህል የሚያሰባስብበትን ጆንያ በቁጥር አስረክቦ በቁጥር ቢቀበል በየዓመቱ አዲስ ከመግዛት ይድናል። የንግድ ምክር ቤቱም የኪራይና የመያዣ ናሙና ውል አዘጋጅቶ ለአባላቱ ቢያድል ጠበቃ መቅጠር የማይችለው ትንሹ ነጋዴ በብዙ ይረዳል።

በሸጠው ዕቃ ላይ እጁን ያላነሣ ነጋዴ ከአንዱ ዕቃ ደጋግሞ ያተርፋል፤ ሸጦ የረሳው ግን ለእያንዳንዱ ትርፍ አዲስ ምንዛሪ ይለምናል።