የተማሪ ቪዛ፦ «እመለሳለሁ» የሚለው ቃል በምን ይረጋገጣል?

የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የተቀበለው ወጣት አይ 20 የተባለውን ቅጽ ይዞ ኤምባሲ ሲቀርብ ፈተናው ያለቀ ይመስለዋል። ይሁን እንጂ የአገሪቱ የኢሚግሬሽን ሕግ አንቀጽ 214 (ቢ) የተማሪ ቪዛ አመልካች ተቃራኒውን እስካላስረዳ ድረስ ለመቅረት ያሰበ ሰው እንደሆነ ይገምታል። የማስረዳቱ ሸክም የአመልካቹ ነው። በዚህ አንቀጽ ለተከለከለ ይግባኝ የለም፤ ያለው አማራጭ እንደገና ማመልከት ብቻ ነው።

ለመሆኑ የሃያ ዓመት ልጅ ከአገሩ ጋር የሚያስተሳስረውን ነገር በምን ያሳይ? ቤት የለው፣ ትዳር የለው፣ ደመወዝ ገና አልቆጠረ። የአባቱ የባንክ ደብተር ክፍያውን መቻሉን እንጂ መመለሱን አይመሰክርም። ስለዚህ ውሳኔው በጥቂት ደቂቃ ቃለ መጠይቅ ቆንስሉ በሚያድርበት እምነት ላይ ይንጠለጠላል። መልስ የሚያስጠኑ «አማካሪዎች» ገበያ የደራላቸውም ለዚህ ይመስላል። (የተሸመደደ መልስ ግን ከመስኮቱ ማዶ ቶሎ የሚታወቅ ነው።) በእርግጥ የኤምባሲው ሥጋት መሠረተ ቢስ ነው ማለት አይቻልም፤ ሄደው የቀሩትን ሁላችንም እናውቃቸዋለን።

ወጪውም ቀላል አይደለም። በ2015 ዓ.ም. 185 ዶላር የደረሰው የማመልከቻ ክፍያና በ2011 ዓ.ም. 350 ዶላር የሆነው የሴቪስ ክፍያ ሲደመሩ 535 ዶላር ናቸው። ብር በገበያ እንዲመራ ከተወሰነበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት ይህ በባንክ ምንዛሪ 30 ሺሕ ብር ገደማ ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ ወደ 70 ሺሕ ብር ተጠግቷል። ቪዛ ቢከለከልም ገንዘቡ አይመለስም።

በግንቦት 2017 ዓ.ም. አዲስ የተማሪዎች ቀጠሮ መስጠት ለሳምንታት ቆመ። በሰኔ ሲቀጥል አመልካቾች የማኅበራዊ ሚዲያ ገጾቻቸውን ለሕዝብ ክፍት እንዲያደርጉ ታዘዙ። ከሁሉም የከበደው በሐምሌ የመጣው ነው፤ ለተደጋጋሚ ጉዞ ይሰጥ የነበረው የኢትዮጵያውያን ቪዛ ለአንድ መግቢያና ለሦስት ወር ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። ሦስት ወሩ የመግቢያ ጊዜ እንጂ የትምህርቱ ዘመን አይደለም፤ ገብቶ የሚማር ሰው ቪዛው ስላለፈ ብቻ አይባረርም። ነገር ግን እንዲህ ያለ ቪዛ የያዘ ተማሪ እናቱ ብትታመም መጥቶ ሊጠይቃት ቢሻ፣ ለመመለስ እንደገና መክፈልና እንደገና መጠየቅ ግድ ይሆንበታል። ስለዚህ ብዙው እዚያው መክረሙን ይመርጣል። ሕጉ «ከአገርህ ጋር ያለህን ትስስር አሳየኝ» ይላል፤ አሠራሩ ደግሞ ተማሪውን ለዓመታት ከቤቱ ደጃፍ ያርቀዋል።