«የክረምት ጎማ» ለየትኛው ክረምት?

«የክረምት ጎማ» የሚለው ስም በአውሮፓ የወጣው ለበረዶና ለብርድ ወቅት ነው፤ የእኛ ክረምት ግን ዝናብና ጭቃ ነው። ስለዚህ በአውቶቡስ ተራ አካባቢ ጎማ የሚገዛ ሰው በስሙ ብቻ ቢመርጥ ይሳሳታል።

የዚህ ጎማ ላስቲክ ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ እንዳይደርቅ ተደርጎ የተቀመመ ነው። በጎኑ ላይ ባለሦስት ጫፍ ተራራና የበረዶ ቅንጣት የሚያሳይ ምልክት አለው። በሞቃት አስፋልት ላይ ግን ቶሎ ያልቃል፤ ፍሬን ሲያዝም መኪናው ርቆ ይቆማል። ከአውቶቡስ ተራ ወደ ጎጃም የሚጓዝ ተሽከርካሪ ደግሞ ከደጋው ዝናብ ወደ ዓባይ በረሃ ሙቀት ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል።

በእርጥብ መንገድ ዋናው ጉዳይ የጎማው ጥርስ ነው። በጥርሶቹ መካከል ያለው ቦይ ውሃውን ካላስወጣ ጎማው በውሃ ላይ ይንሳፈፋል፤ መሪም ፍሬንም አይታዘዝም። የአዲስ የቤት መኪና ጎማ ቦይ ጥልቀቱ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ከ1.6 ሚሊ ሜትር እንዳያንስ ያስገድዳል።

በመሆኑም መናኸሪያዎቻችን ከሰኔ እስከ መስከረም ከመነሻ በፊት የጎማን ጥልቀት ቢለኩ እላለሁ። ለዚህ አንዲት ትንሽ ማስመሪያ ትበቃለች። ገዢም ዕድሜውን ያንብብ፤ በጎማው ጎን 2319 ተብሎ ከተጻፈ፣ ጎማው የተሠራው እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት ነው። ሹፌሩ ቸኩሎ ቢሆን እንኳ ተሳፋሪው ጎንበስ ብሎ ጎማውን የማየት መብት አለው፤ የሚጓዘው በራሱ ሕይወት ነውና።