መዋጮው በአዋጅ፣ ሂሳቡ በሹክሹክታ!

በጎሬ ይሁን በመቱ አንድ የእድር ገንዘብ ያዥ ሂሳብ ሳያሰማ ሁለት ሦስት ወር ቢያልፍ ምን እንደሚደርስበት የማያውቅ የለም። ዳኛው ከመቀመጫው ያስነሱታል። «የገባው ስንት? የወጣው ስንት? የቀረውስ?» ይሉታል። ከነሳንቲሙ ይናገራል። ካጎደለ ይከፍላል፤ አልከፍልም ካለ ቀባሪ ያጣል። እንግዲህ ለድንኳንና ለንፍሮ የተዋጣ ብር እንዲህ የሚመረመር ከሆነ፣ ለመንገድ፣ ለት/ቤትና ለጤና ጣቢያ የተዋጣው ለምን አይመረመርም? ምነው መንግሥት ከእድር አነሰ?

«መዋጮ ጠልታችሁ ነው» እንዳትሉን፣ ጌቶች! ጎሬ መስጠትን ከማንም አትማርም። ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ሲሰደዱ፣ የተረፈው መንግሥት በቢትወደድ ወልደ ጻድቅ መሪነት የተጠለለው በዚህችው ከተማ ነው። ጣሊያን በኅዳር 1929 ዓ.ም. እስኪገባባት ድረስ ጎሬ የነፃይቱ ኢትዮጵያ መቀመጫ ነበረች። አቡነ ሚካኤል ለጠላት አልገዛም ብለው የተረሸኑት እዚያው ነው። የዋና ከተማነቱ ማዕረግ በደርግ ዘመን ወደ መቱ ሲሄድባትም መስጠቷን አላቆመችም። ችግሩ መስጠቱ አይደለም። ሰጥቶ አለማወቁ ነው!

በየትኛውም የአገራችን ከተማ ገንዘብ ሲሰበሰብ አዋጅ ነው። ስብሰባ ይጠራል፣ ማይክራፎን ይተከላል፣ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ይበተናል። የመንግሥት ሠራተኛው ደመወዙን ገና በእጁ ሳይነካው ይቆረጥበታል። ነጋዴውማ ዜማውን በቃሉ ይዞታል፦ «በፈቃድህ ክፈል፤ ካልከፈልክ ፈቃድህ አይታደስም!» ሂሳቡን ሲጠይቁ ግን አዋጁ ሹክሹክታ ይሆናል። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው።» «ኦዲት እየተደረገ ነው።» «አንተ ማነህና ነው የምትጠይቀው?»

ይህ ከታች የሚሰበሰበው ነው። ከላይ የሚወርደውስ? የፌዴራሉ በጀት በየዓመቱ ሲጸድቅ ለየክልሉ የተመደበው ድጎማ በነጋሪት ጋዜጣ ይወጣል። የማከፋፈያ ቀመሩን የሚወስነው የፌዴሬሽን ም/ቤት ነው። ኦሮሚያ ስንት እንደደረሰው የፈለገ አንብቦ ያውቃል። ከክልል ወደ ወረዳም ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ገንዘቡ በቀመር ይወርዳል። ታዲያ ወንዙ ከምንጩ ሲነሳ በይፋ ይታያል፤ ወደ ገበሬው ደጃፍ በቀረበ ቁጥር ግን ጫካ ይገባል። ለኢሉባቦር ሰው ጫካ ብርቁ አይደለም። ብር የሚጠፋበት ጫካ ግን ማን ይልመድ?

«አይቻልም» አይበሉን፤ ሲቻል አይተናል። ከ1997ቱ ምርጫ ቀውስ በኋላ ለጋሾች ቀጥታ የበጀት ድጋፋቸውን አቆሙ። በ1998 ዓ.ም. በምትኩ ፒቢኤስ የተባለውን የመሠረታዊ አገልግሎቶች ፕሮግራም ይዘው ሲመጡ፣ «የወረዳ በጀት ተራ ሰው በሚገባው ቋንቋ በሰሌዳ ይለጠፍ» የሚለውም አብሮ መጣ። በብዙ ወረዳም ተለጠፈ። እንዴ! ፈረንጅ ሲጠይቅ የሚለጠፍ ሂሳብ፣ ባለቤቱ ሲጠይቅ ምስጢር የሚሆነው በየትኛው ሕግ ነው?

ወረቀት መለጠፍ ምን ይፈይዳል የሚል ካለ ኡጋንዳን ይጠይቅ። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1991 እስከ 1995 መንግሥቷ ለአንደኛ ደረጃ ት/ቤቶች ከላከው ድጎማ ት/ቤት የደረሰው ከመቶ 13 ያህሉ ብቻ ነበር። የቀረው መንገድ ላይ ቀለጠ። ጉዱ በጥናት ሲወጣ መንግሥት ለየአውራጃው የላከውን በጋዜጣ ማሳተም ጀመረ፤ ት/ቤቶችም የደረሳቸውን እንዲለጥፉ ታዘዙ። ሌላም ማሻሻያ ታክሎበት፣ በ2001 ላይ የሚደርሰው ከመቶ 80 አለፈ። ለእኛም ት/ቤቶች ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በተማሪ ቁጥር ልክ ድጎማ መላክ ተጀምሯል። የጎሬ ወላጅ ለልጁ ት/ቤት ስንት እንደተላከ ከአጥሩ በር ላይ ማንበብ አለበት።

ዝምታ ስንት እንደሚያስከፍል ለማወቅ ግን ኡጋንዳ ድረስ መሄድ አያሻም። ከበደሌ ወደ መቱ ሲመጡ መንገድ ላይ ያለችውን ያዩን ማየት ይበቃል። የማዳበሪያ ፋብሪካው በ2004 ዓ.ም. ገደማ ለሜቴክ ተሰጠ። ወጪው 11 ቢሊዮን ብር ገደማ ነው ተባለ፤ ገንዘቡም ከሕዝብ ባንክ የተበደሩት ነው። ዓመታት አለፉ። ሥራው ግማሽ እንኳ ሳይደርስ ቢሊዮኖች ወጥተውበት ውሉ ተቋረጠ። የኢሉባቦር ገበሬ ዛሬም በመርከብ የመጣ ማዳበሪያ ነው የሚገዛው። በየሦስት ወሩ የተከፈለውና የተሠራው ጎን ለጎን በከተማው አደባባይ ተለጥፎ ቢሆን ኖሮ፣ ጉዱን ለመስማት ያን ያህል ዓመት ይፈጅ ነበር? የከተማዋ ስም «ያዩ» ነው፤ ሂሳቡን ያየ ግን አልነበረም!

ሌላም ትዝብት አለን። መቱ ላይ በካርል ስም የሚጠራ ሆስፒታል አለ። ተዋናዩ ካርል ሄይንዝ ቦም በ1973 ዓ.ም. በቴሌቪዥን ውርርድ የጀመሩት «ሰዎች ለሰዎች» ድርጅት በኢሉባቦር ብዙ ደክሟል። የገባውንና የወጣውንም በየዓመቱ አሳትሞ ያወጣል። ጀርመን አገር የተቀመጡ አሮጊት ለኢሉባቦር የሰጡት ገንዘብ የት እንደገባ ቤታቸው ሆነው ያነባሉ። ለገዛ ቀዬው ያዋጣው ቡና ገበሬ ግን የሚያነበው የለውም። ከዚህ የበለጠ ምን ያሳፍራል?

«ሕዝቡ አይገባውም» የሚሉም አሉ። የፈረሱላ ቡና ዋጋ በአንድ ብር ሲጎድልበት ከነጋዴ ጋር የሚሟገት ገበሬ ነው ሂሳብ የማይገባው? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 590ም መረጃ መጠየቅን መብት አድርጎታል። ሕግ አልጠፋም፤ የጠፋው ሰሌዳውና ሚስማሩ ነው።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ከላይ የወረደው ድጎማ ስንት ነው? ከሕዝብ የተሰበሰበው መዋጮ ስንት ነው? ለማን ተከፍሎ ምን ተሠራበት? ይህ በኦሮምኛም በአማርኛም ተጽፎ በገበያው በርና በየት/ቤቱ አጥር ላይ ይለጠፍ። ለለጋሽ በሚላክ ሪፖርት ውስጥ አይደለም፤ ከዝናብ በተጠለለ ሰሌዳ ላይ!

እስከዚያው ግን ደረሰኝ ጥራዝ ይዞ በር ለሚያንኳኳ ሁሉ፣ የእድር ዳኞቻችን ያስተማሩንን አንዲት ጥያቄ እናስቀድምለት፦ «የዘንድሮውን እንሰጣለን፤ የአምናው የት ገባ?»