ከዘጠነኛ ክፍል ወደ ካልኩለስ፦ የ16 ዓመቱ ሙከራ ማን ሒሳቡን አወራረደ?

ሰሞኑን ደጋግሜ የምሰማው አንድ ክርክር አለ። ፍሬሽማን የሚባለው የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት የባከነ ዓመት ነው፤ ሌላው ዓለም ልጆቹን ገና በሁለተኛ ደረጃ ሳሉ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት እያስጀመረ እኛ ወደ ኋላ ተመልሰናል፤ ስለዚህ ልጆቻችን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምረው ከፍ ያለውን ትምህርት ይያዙ የሚል ነው። ይህን የሚሉት ወላጆች ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ዝም ባልሁ ነበር፤ ለልጁ የማይቸኩል ወላጅ የለምና። ነገር ግን ዲግሪ የደራረቡ፣ ስለ ትምህርት ሲወራ አስተያየታቸው የሚጠየቅ ሰዎችም ይህንኑ ሲደግሙ ስሰማ፣ የትናንቱን በአንድ ሌሊት የሚረሳ ሀገር ውስጥ እንዳለሁ ይሰማኛል።

ለመሆኑ ይህ ነገር እኛ ዘንድ አልተሞከረምን? ተሞክሯል እንጂ! ያውም በጥቂት ትምህርት ቤቶች ሳይሆን በመላ ሀገሪቱ፣ ያውም ለ16 ዓመታት።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃን በአሥረኛ ክፍል ዘጋው፤ 11ኛንና 12ኛን ክፍል ደግሞ «መሰናዶ» ብሎ ሰየማቸው። የመሰናዶው ትርጉም ግልጽ ነበር። ቀድሞ በዩኒቨርሲቲ ፍሬሽማን ዓመት ይሰጥ የነበረው ትምህርት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ወረደ፤ በዚህም ምክንያት ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ አብዛኛው የአራት ዓመት ዲግሪ ወደ ሦስት ዓመት አጠረ። እኔ ማትሪክ ተፈትነው፣ በፍሬሽማን ወንፊት አልፈው ከወጡት የመጨረሻዎቹ ተማሪዎች ወገን ነኝ። ያ ወንፊት ጨካኝ እንደ ነበር አልክድም፤ በመጀመሪያው ሴሚስተር መጨረሻ ሻንጣቸውን ይዘው የወጡ ጓደኞቼን አልረሳም። ቢሆንም ፍሬሽማን የሚባለው ዓመት አንድ ነገር ያደርግ ነበር፦ ከየአውራጃው የመጣውን፣ ላቦራቶሪ አይቶ የማያውቀውንና የተሻለ ትምህርት ቤት የጨረሰውን ልጅ በአንድ አዳራሽ አስቀምጦ፣ በአንድ መምህር፣ በአንድ ቤተ መጻሕፍት ያገናኝ ነበር። መሰናዶ ይህንን ዓመት አፍርሶ በየወረዳው በተነው። መምህሩና ቤተ መጻሕፍቱ ግን አብረው አልወረዱም።

በመጽሐፉ ላይ ያለው ሁሉ ያምራል። እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ በሥራ ላይ የነበረውን የ11ኛና የ12ኛ ክፍል የሒሳብ መጽሐፍ ገልጣችሁ ተመልከቱ፤ ማትሪክስና ዲተርሚናንት፣ ኮምፕሌክስ ቁጥር፣ ሊሚት፣ ዲፈረንሻል ካልኩለስ፣ ኢንቴግራል ካልኩለስ ሁሉም አለ። ከዚህ በላይ «ከፍ ያለ ትምህርት በጊዜ» ከየት ይመጣል? ታዲያ ይህን ሁሉ ተምሮ የመጣልኝን ልጅ ክፍል ውስጥ ስቀበለው የሚያጋጥመኝን ልንገራችሁ። የማስተምረው ኢኮኖሚክስ ነው። ጠቅላላ ወጪው 100፣ ሲደመር 5 ጊዜ ምርቱ፣ ሲደመር 2 ጊዜ የምርቱ ስኩዌር የሆነ ድርጅት ስሰጠው፣ ተማሪው ዓይኑን ሳያሽ ዲራይቬቲቩን ያወጣል፤ 5 ሲደመር 4 ጊዜ ምርቱ። ምርቱ 10 ሲሆን ስንት ነው ስለው 45 ይለኛል። ልክ ነው። «45 ምን ማለት ነው?» ስለው ክፍሉ ጸጥ ይላል። በዚያ ደረጃ ላይ ሳለን አንድ ተጨማሪ ዕቃ ለማምረት ወደ 45 ብር ገደማ ይጠይቀናል ብሎ የሚመልስልኝ ከመቶው ተማሪ መካከል ጥቂት ነው። ከዚያ ወረድ ብዬ ሁለት ሦስተኛና ሦስት አራተኛን ደምሩ ስላቸው ደግሞ ካልኩሌተር የሚፈልግ እጅ አያለሁ። ልጆቹ ሰነፎች አይደሉም። ከመሠረቱ በፊት ጣሪያው የተሠራላቸው ልጆች ናቸው።

ይህ ብቻም አይደለም። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባውን ፕላዝማ የማታስታውሱ ካላችሁ ታላላቆቻችሁን ጠይቁ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በእንግሊዝኛ የተሰናዳ ትምህርት በሳተላይት ይመጣል፤ የክፍለ ጊዜው አብዛኛው የቴሌቪዥኑ ነው፤ ለመምህሩ የሚተርፈው ከፊትና ከኋላ ያለች ጥቂት ደቂቃ ናት። ያልገባው ልጅ እጁን ያወጣል፤ ቴሌቪዥኑ አያየውም። መብራት ከሄደ ትምህርቱም አብሮ ሄደ። እንግዲህ ከፍ ያለውን ትምህርት በለጋ ዕድሜ የሰጠነው በዚህ መንገድ ነበር።

ቋንቋውንም አትርሱ። በአንዳንድ ክልሎች ልጆች እስከ ስምንተኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ሲማሩ ይቆዩና፣ ዘጠነኛ ክፍል ሲገቡ በአንድ መስከረም ሁሉም ነገር እንግሊዝኛ ይሆናል። ይህ ለ15 ዓመት ልጅ በራሱ ሙሉ ሸክም ነው። ባዮሎጂን ከመረዳቱ በፊት ባዮሎጂ የተጻፈበትን ቋንቋ መረዳት አለበት። በዚሁ ዓመት ላይ የዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ጨምሩበት የሚለኝ ሰው፣ ወይ የመንግሥት ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጦ አያውቅም፣ ወይም የሚያስበው ቤቱ ስላለው አንድ ልጅ ብቻ ነው።

«አሜሪካኖቹ ያደርጉት የለም ወይ?» ይሉኛል። ያደርጉታል። ሜሪላንድ የሚኖር የድሮ ወዳጄ ዘጠነኛ ክፍል የገባችው ልጁ ኤ.ፒ. የሚባለውን ከፍ ያለ ኮርስ ትያዝ ወይስ ትቆይ ብሎ ጠይቆኝ ነበር፤ በእርሱ ምክንያት ነገሩን አጥንቼዋለሁ። ኤ.ፒ. እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ኮሌጅ ቦርድ የሚመራው ነው። ተማሪው አንድ ኮርስ መያዝ ይችላል፤ አምስት መያዝ ይችላል፤ ጨርሶ አለመያዝም ይችላል። በግንቦት ወር ፈተና ይቀርብለታል፤ ውጤቱ ከ1 እስከ 5 ነው፤ ብዙ ኮሌጆች 3ና ከዚያ በላይ ላመጣ፣ ጠንከር ያሉት ደግሞ 4 ወይም 5 ላመጣ የኮሌጅ ክሬዲት ይሰጡታል። በፈተናው 1 ያመጣች ልጅ በዚህ ምክንያት የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማዋን አታጣም፤ ሐዋርያዊ ጉዞዋን ትቀጥላለች። ለወዳጄም ያልሁት ይህንኑ ነው፦ «ወንድሜ፣ ልጅቱ እስከ ዛሬ ማንም ሳይቀሰቅሳት የምታነበው ትምህርት ካለ በዚያ በአንዱ ትጀምር፤ ከሌላት አንድ ዓመት ትቆይ። ጎረቤት ስለያዘ ብለህ አታስይዛት።»

ልብ በሉ፤ እዚያ ጥያቄው ለልጅቱና ለአባቷ ቀርቦላቸዋል። እኛ ዘንድ የጠየቀን ማን ነው? ውሳኔውን በአንድ ሰነድ ለሁሉም ልጅ፣ ለሁሉም የትምህርት ዓይነት፣ ለሁሉም ወረዳ የወሰነው መንግሥት ነው። የአሥረኛ ክፍል ፈተና ነጥቡ ያልበቃለት በ16 ዓመቱ ወደ ቴክኒክና ሙያ ሄደ፤ የበቃለት ተፈጥሮ ሳይንስ ወይስ ማኅበራዊ ሳይንስ ተብሎ እዚያው ተከፈለ። በ2000 ዓ.ም. ደግሞ 70 ለ30 የሚባለው ቀመር መጣና፣ ከመቶው ሰባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይሁን ተባለ። ታሪክ የሚወድ ልጅ ከዚህ ቀመር ውስጥ የት አለ? አሜሪካዊቷ ልጅ የምትገፋው በር ነው፤ የእኛው ልጅ የተሳፈረው ፍሬን የሌለው መኪና ላይ ነበር። ሁለቱን አንድ ስም ሰጥቶ «ዓለም የሚያደርገውን እያደረግን ነበር» ማለት፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ማጭበርበር ነው።

እርግጥ ነው፣ ቀድሞ የሚደርስ ልጅ አለ። ድሮም ነበር፤ ክፍል አጥፎ አለፈ ይባልለት ነበር። አጥፎ ያለፈውን ልጅ ግን የሚያውቀው መምህሩ ነበር፤ ደብተሩን አርሞ፣ ጥያቄውን ሰምቶ፣ ርእሰ መምህሩ ዘንድ ሄዶ የሚከራከርለት። ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ መንገድ መዘጋት የለበትም፤ በዚህ ከማንም ጋር አልጣላም። የምጣላው አንዱ ልጅ ሊሮጥ ስለቻለ አርባውን ሩጡ ከሚለው ጋር ነው።

አዲስ አበባ ያሉ የግል ትምህርት ቤቶቻችን ደግሞ ይህን ሩጫ ሸቀጥ አድርገውታል። ክረምት ሲመጣ የመጪው ዓመት መጽሐፍ ይጀመራል፤ ወላጅ ከፍሎ «የኔ ልጅ የአሥረኛን ጨርሷል» ይላል። ልጁ መስከረም ላይ ያንኑ ምዕራፍ ሲያገኘው ሰምቼዋለሁ ብሎ ይሰለቻል፤ ሰምቶታል፣ አልተረዳውም። መክፈል የቻለው ቤተሰብ በአስጠኚ ይደግፈዋል፤ ያልቻለው የሚቀረው ከሰማው ጋር ነው። የመሰናዶው ዘመን ያሳየንም ይህንኑ ነበር፦ ሥርዓቱ ያላስተማረውን ያስተማረው የቤተሰብ ኪስ ነው።

ውጤቱስ? የመግቢያ ነጥብ በየዓመቱ በተከፈተው ወንበር ልክ ሲቆረጥ በነበረ ጊዜ ጉዳዩ ተሸፋፍኖ ቆየ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ተፈትነው፣ ማለፊያው 50 በመቶ ሲደረግ ያለፉት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ፤ በቁጥር 29,909። በቀጣዩ ዓመት 3.2፤ በ2016 ዓ.ም. 5.4፤ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ። ለዚህ ሁሉ ተጠያቂው መሰናዶ ብቻ ነው አልልም፤ ጦርነት አለ፣ ኮሮና አለ፣ የመምህራን ኑሮ አለ። ነገር ግን ለእነዚህ ልጆች የጎደላቸው ከፍ ያለ ትምህርት ነበር የሚል ሰው ካለ፣ ቁጥሩን ደግሞ ያንብብ። በመጽሐፋቸው ላይ ካልኩለሱ ነበረ።

በ2010 ዓ.ም. ለውይይት የቀረበው ፍኖተ ካርታ ሲመጣ በጸጥታ ወደ ነበርንበት ተመለስን። የአሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ቀረ፤ በ2012 ዓ.ም. ፍሬሽማን ተመለሰ፤ ስድስት፣ ሁለት፣ አራት የሚለው የድሮው አከፋፈልም መጣ። ውሳኔውን እደግፋለሁ። የማልደግፈው ጸጥታውን ነው። ከ1996 እስከ 2012 ዓ.ም. ባለው ጊዜ በሦስት ዓመት ዲግሪ የወጣ ትውልድ ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየትምህርት ቤቱ አለ፤ ገሚሱ ልጆቻችሁን እያስተማረ ነው። ለእርሱ የተነፈገውን አንድ ዓመት ማን ነፈገው፣ በምን ጥናት፣ በየትኛው ስሌት የሚል መግለጫ ከየትኛውም ባለሥልጣን አፍ አልሰማሁም።

እንግዲህ ፍሬሽማን ይቅር፣ ልጆች በዘጠነኛ ይቸኩሉ የምትሉ ሁሉ፣ የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። የዚያን የ16 ዓመት ሙከራ ሰነድ አምጡ፤ ምን ያህሉ ተጠቀመ፣ ማን ተጎዳ፣ ምን ተማራችሁበት? ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡትና ወላጅም መምህርም ያንብበው። ስለ ዘጠነኛ ክፍል ካልኩለስ የምንነጋገረው ከዚያ በኋላ ነው።